በጋሊክ ዘፍኖ መወዳደር፦ ከስኮትላንዱ ሞድ ያገኘሁት ተሞክሮ

በስኮትላንድ የምንኖር ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ይመስለናል። እኔ በምኖርበት በግላስጎ ግን አንዱ ልጅ በጋሊክ እያንጎራጎረ፣ ሌላው በስኮትስ የተጻፈ ግጥም በቃሉ እየወጣ ወደ ቤት ይመለሳል። ልጄ የምትማረው ትምህርቱ በጋሊክ በሚሰጥበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በእሷ ሰበብ እኔም የጋሊክ ኳየር አባል ሆንኩ፤ ሮያል ናሽናል ሞድ በሚባለው ዓመታዊ ውድድርም ከኳየሩ ጋር ተሰልፌአለሁ። ይህን የምጽፈው ልጃቸው «ሞድ ላይ ልወዳደር ነው» ሲላቸው ነገሩ ግራ ለሚገባቸው ወላጆች፣ እንዲሁም ድምፅና ፍላጎት እያላቸው «ቋንቋውን ሳልችል እንዴት ብዬ» እያሉ ለሚያመነቱ ወገኖቼ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቋንቋዎቹ ልጀምር። ጋሊክና ስኮትስ በአንድ አገር ይነገሩ እንጂ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። ጋሊክ ከአይሪሽ፣ በማን ደሴት ከሚነገረው ማንክስ፣ ከዌልሽ፣ ከኮርንዊሽ እና በፈረንሳይ የብሪታኒ ግዛት ከሚነገረው ብሬቶን ጋር የኬልቲክ ቤተሰብ ሲሆን፣ ስኮትስ ግን ከእንግሊዝኛ ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ ነው። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመናገርም ይሁን በማንበብ፣ በመጻፍም ይሁን ሰምቶ በመረዳት ጋሊክን በተወሰነ ደረጃ የሚያውቁ 130,161 ሰዎች በስኮትላንድ ተመዝግበዋል፤ በ2011 ቁጥሩ 87,000 ገደማ ነበር። ስኮትስ እንናገራለን ያሉት አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ናቸው። የጋሊክ ቁጥር ማደጉ ቢያስደስትም፣ ቋንቋው ከጥንት ጀምሮ የቤትና የመንደር መግባቢያ በሆነባቸው በምዕራባዊ ደሴቶች የተናጋሪው ድርሻ ከግማሽ በታች መውረዱ እጅግ ያሳስበኛል። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ ለጋሊክ ቦታ ስላልሰጠ፣ በቤታቸው ከጋሊክ ሌላ ቋንቋ ሰምተው የማያውቁ ሕፃናት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲማሩ ተደርጓል፤ በክፍል ውስጥ ጋሊክ በመናገራቸው የተቀጡ ሰዎች ታሪክ ዛሬም በየቤተሰቡ ይወራል። በጋሊክ የሚያስተምሩት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በግላስጎና በኢንቨርነስ የተከፈቱት በ1985 ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ ጋሊክንና ስኮትስን ይፋዊ ቋንቋ የሚያደርገውን ሕግ ያጸደቀው ደግሞ ገና በ2025 ነው።

ውድድሩ ከእነዚህ ክፍሎችም ሆነ ከ2025ቱ ሕግ ይቀድማል። አን ኮሙን ጌላኽ የተባለው የጋሊክ ማኅበር በ1891 ኦባን በተባለችው የምዕራብ ጠረፍ ከተማ ተመሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያችው ከተማ የመጀመሪያውን ሞድ አዘጋጀ። ሞድ በየዓመቱ በጥቅምት ወር አካባቢ አንድ ሳምንት ያህል የሚቆይ ሲሆን፣ የሚካሄድበት ከተማ ይለዋወጣል፦ በ2019 ግላስጎ፣ በ2021 ኢንቨርነስ፣ በ2022 ፐርዝ፣ በ2023 ፔዝሊ፣ በ2024 እንደገና ኦባን፣ በ2025 ሎኻበር የተባለው አካባቢ ነበር፤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት አልተካሄደም። ዘፈን ዋነኛው ይሁን እንጂ ግጥም በቃል መውጣት፣ ተረት መተረክ፣ በጋሊክ መጨዋወት፣ በገና፣ አኮርዲዮንና ፊድል መጫወትም ውድድር አላቸው። የሳምንቱ መጀመሪያ ለልጆች ይሰጣል፤ በነጠላ ድምፅ የሚዘፍኑ አዋቂዎች ለወርቅ ሜዳሊያ የሚወዳደሩት በመካከሉ ነው፤ ማብቂያው የኳየሮች ነው። የትልልቆቹ ኳየሮች ዋና ሽልማት የሎቫትና ተሊባርዲን ጋሻ ይባላል። በመጨረሻው ቅዳሜ ተወዳዳሪ የነበሩት ኳየሮች ሁሉ በከተማው አደባባይ አንድ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ።

ለእኛ ለውጭ ሰዎች ከሁሉ የሚጠቅመው የውድድሩ አሠራር የዳኝነቱ ነው። አንዱን ዘፈን የሚዳኙት ሁለት ዓይነት ዳኞች ናቸው፤ የሙዚቃው ዳኛ ዜማውን፣ ቃናውን፣ ምቱንና የድምፆቹን መዋሐድ ሲመዝን፣ የጋሊኩ ዳኛ ቃላቱ እንዴት እንደተነገሩና የግጥሙ ስሜት መተላለፉን ብቻ ይመዝናል። ሁለቱ ነጥቦች ለየብቻ ተነግረው ከዚያ ይደመራሉ። ስለዚህ ግሩም ድምፅ ያለው ሰው ቃላቱን ችላ ካለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድምፁ መካከለኛ የሆነ ሰው ደግሞ አንደበቱን በደንብ ካሠለጠነ ሊቀድመው ይችላል። ቋንቋውን ከእናቱ ጉያ ላልተማረ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው፤ ምክንያቱም የአንድን ግጥም ቃላት በጥራት መናገር በትጋት የሚገኝ ነገር ነው፤ ቋንቋውን አቀላጥፎ እስኪናገሩ ድረስ መጠበቅም አያስፈልግም። አንዳንዱ የውድድር ክፍልም ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎችና ለተማሪዎች ለየብቻ ስለሚዘጋጅ በዚያ ጀማሪ ከደሴት ተወላጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ አይጋፋም።

ወደ ዝግጅቱ ልግባ፤ ሰዎች ከሁሉ አብዝተው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። የኳየራችን መሪ የሙዚቃ ሰው ስትሆን፣ ከእሷ ጋር የሉዊስ ደሴት ተወላጅ የሆነ የቋንቋ አስተማሪ አለን። አዲስ ዘፈን ሲጀመር ዜማው አይነካም። አስተማሪው ግጥሙን ስንኝ በስንኝ ቀስ ብሎ ያነባል፤ እኛም ተከትለን እንላለን፤ ትርጉሙን ያስረዳናል፤ ከዚያ ንባቡን በስልካችን ቀድተን እንሄዳለን። እኔ ያንን ቅጂ ወደ ሥራ በምሄድበት ባቡር ላይ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ከሰማሁ በኋላም ከላቲኑ ጽሑፍ ሥር በራሳችን ፊደል እጽፈዋለሁ። ይህ የፊደል ዘዴ የብዙ ሳምንት ድካም ቀንሶልኛል፤ ስለዚህ በዝርዝር ላስረዳ።

የጋሊክ ተነባቢዎች ከአጠገባቸው በሚቆመው አናባቢ ምክንያት ድምፃቸውን ይለውጣሉ። «ኢ» ወይም «ኤ» ሲጠጋቸው «ድ» ወደ «ጅ»፣ «ት» ወደ «ች»፣ «ስ» ወደ «ሽ»፣ «ን» ወደ «ኝ» ይለሰልሳሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑት የኳየሩ ጓደኞቼ በተለይ በ«ኝ» ብዙ ሲቸገሩ፣ እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ፊደል ስለሆነ ጽፌ አልፈዋለሁ። «አገር» ለማለት የሚዘፈነውን ቃል በላቲን ፊደል ስታዩት «ቲር» ይመስላል፤ የሚባለው ግን «ቺር» ነው። ሁለተኛው ጥቅም «እ» የሚለው አናባቢያችን ነው። በጋሊክ የፍቅር ዘፈኖች ውስጥ በየስንኙ የሚመላለሰው «ፍቅር» የሚል ቃል፣ ከንፈር ሳይሾል ወደ ኋላ የሚረዝም «እ» በውስጡ አለው፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ባዕድ የሆነው ይህ ድምፅ ለአማርኛ አፍ ቅርብ ነው፤ «ግል» ብላችሁ «ግ»ን ሳብ አድርጉት። ከጉሮሮ የሚወጣው «ኽ» ደግሞ ትግርኛ ለሚችሉ ሰዎች የዕለት ድምፅ ነው፤ አማርኛ ብቻ የምንናገረው ግን ልንለማመደው ይገባል፤ ተራ «ህ» ሆኖ ከቀረ የጋሊኩ ዳኛ ወዲያው ይሰማዋል።

ፊደላችን የማይረዳባቸው ቦታዎችም አሉ። በጋሊክ የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለውጣል፤ ረጅሙ አናባቢ በላዩ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት ይደረግበታል። በአማርኛ የምናጠብቀውና የምናላላው ተነባቢን እንጂ አናባቢን ስላልሆነ፣ ጆሮአችን ርዝመቱን በቀላሉ ያልፈዋል። እኔ በፊደል በጻፍኩት ላይ ረጅሙን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ። ከአናባቢ በኋላ የሚመጡት «ፕ»፣ «ት» እና «ክ» ደግሞ ከፊታቸው ቀጭን ትንፋሽ ይቀድማቸዋል፤ «ማክ» የሚመስለው ቃል «ማኽክ» ይባላል። በቃል መነሻ ላይ ያለ ተነባቢም በሰዋስው ምክንያት ይለሰልሳል፤ ትልቅ ማለት የሆነው «ሞር» ከአንዳንድ ቃላት በኋላ «ቮር» ይሆናል። ይህን ሁሉ ሕግ በቃል ማጥናት አያስፈልግም፤ ሕጉ መኖሩን ማወቅ ግን ጆሮን ያነቃል። በፊደል የተጻፈው ወረቀትም እንደ ምርኩዝ ነው፤ አፍ ከለመደ በኋላ ወደ ዋናው ጽሑፍ መመለስ ይገባል፤ አለበለዚያ ዓይን በፊደሉ ላይ ይቀርና ከቀረጻው የተለየ አነጋገር ሥር ይሰዳል።

የአነጋገር ዘይቤ ከደሴት ደሴት ይለያያል። የሉዊስ፣ የስካይ፣ የዩስትና የአይላ ሰው አንዱን ቃል አንድ ዓይነት አይለውም። ዳኞች ይህን ያውቃሉ፤ አንዱን ዘዬ ከሌላው አያበላልጡም፤ የሚፈልጉት ኳየሩ በሙሉ በአንድ ዘዬ እንዲዘፍን ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን የሌላ ዘፋኝ ቅጂ ሰምታችሁ ከመልመዳችሁ በፊት የኳየራችሁን አስተማሪ ጠይቁ። ለብቻው የሚወዳደር ሰው ግን የመረጠውን ዘፈን ከዘፈኑ አካባቢ ሰው አፍ ቢሰማው ይመረጣል፤ ለዚህ «ቶባር አን ዱአልኸሽ» የተባለው የድምፅ ማኅደር ትልቅ ሀብት ነው። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1951 የተመሠረተው የስኮትላንድ ጥናት ክፍል በየደሴቱ እየዞረ ከገበሬዎች፣ ከዓሣ አጥማጆችና ከባልቴቶች የቀረጻቸው ዘፈኖችና ተረቶች እዚያ በነፃ ይደመጣሉ።

ስለ ዜማው የምለው ብዙ አይደለም፤ ምክንያቱም ከጠበቅሁት በላይ ቅርብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ብዙ የጋሊክ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ የሚመላለሱ ስለሆኑ፣ በእኛ ዘንድ ትዝታ ሜጀር ከሚባለው ቅኝት ጋር ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ጆሮአችን «ፋ»ንና «ሲ»ን ስለማይጠብቅ ዜማውን ቶሎ እንይዘዋለን። ልዩነቱ በአዘፋፈኑ ላይ ነው። እኛ ድምፅን ማርገብገብና በአንድ ቀለም ላይ መንሸራተት ለምደናል፤ ኳየር ውስጥ ሲሆን ግን አንዱ ሰው ሲያርገበግብ የአራቱ ድምፆች ውሕደት ይፈርሳል፤ ስለዚህ መሪዋ ከእኔ ደጋግማ የምትጠይቀው ቀጥ ያለ ድምፅ ነው። የሙዚቃ ኖታ ማንበብ የማይችሉም አይሥጉ። የጋሊክ ኳየሮች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙት ቶኒክ ሶልፋ የሚባለውን በፊደል የሚጻፍ ዘዴ ሲሆን፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የዶ ሬ ሚ መነሻ ፊደላት፣ ነጥቦችና ሰረዞች ብቻ ናቸው። አምስት መስመር ኖታ ለማንበብ የሚወስደውን ጊዜ ሳስብ ይህ ዘዴ ለአዋቂ ጀማሪ የተሻለ ነው እላለሁ።

ከግላስጎው ማኅበረሰባችን ሰዎች በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ አባት፣ ልጄ ልትወዳደር መሆኑን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ አማኝ ወላጆች ጥያቄ ስለሆነ በግልጽ መመለስ ይገባዋል። የሞድ ዘፈኖች አብዛኞቹ ዓለማዊ ናቸው፤ ስለ አገር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ስደት፣ ስለ ፍቅርና በባሕር ስለሞቱ ሰዎች የተገጠሙ ናቸው። መንፈሳዊ ግጥሞችም አሉ፤ በራስ ምርጫ በሚወዳደሩበት ክፍል ወላጅ ከአስተማሪ ጋር ተመካክሮ የሚስማማውን ሊመርጥ ይችላል። እንዲያውም በቀድሞ የደሴት ሕይወት ዘፈኖቹ የሥራ አጋር ነበሩ። ሴቶች አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ አርጥበው፣ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየደበደቡ ሲያጠብቁት፣ አንዷ ስንኙን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በእኛ አገር በደቦ አጨዳ ላይ አውጪና ተቀባይ እንደሚኖረው ማለት ነው። ተቀባዮቹ የሚሉት «ሆ ሮ»፣ «ሂ ሪ» የመሳሰለው ቀለም ትርጉም የለውም፤ ግን ከዘፈን ወደ ዘፈን ስለሚለያይ ያለ አንዳች ለውጥ ሊጠበቅ ይገባል። ሙዚቃ መሣሪያ በሌለበት ለጭፈራ የሚሆን ፈጣን ዜማ በአፍ የመምታት ባህልም አለ፤ ለዚህም ራሱን የቻለ የኳየር ውድድር ይደረግለታል። ለአንደበት ሥልጠና ከእሱ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ስለ ልጆች ውድድር፣ በተለይ ወላጁ ጋሊክ ለማይችል ቤተሰብ፣ ከልጄ ጋር ያየሁትን ልንገራችሁ። ለየዕድሜው የታዘዙት ግጥሞችና ዘፈኖች በውድድሩ መርሐ ግብር መጽሔት ላይ ከወራት በፊት ይወጣሉ፤ አብዛኛው ልምምድ የሚካሄደውም በትምህርት ቤት ነው። ወላጅ በቤት የሚያደርገው ልጁ ሳይሰለች ጮክ ብሎ እንዲል ማድመጥ ነው። ልጄ ግጥሟን ስትለኝ ትርጉሙን በአማርኛ እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ፤ አንዱን ስንኝ ልትነግረኝ ካልቻለች ያንን ስንኝ ገና በልቧ እንዳልያዘችው አውቃለሁ፤ አስተማሪዋን እንድትጠይቅ እነግራታለሁ። ይህ ልማድ ለአማርኛዋም ጠቅሟታል፤ «ማዕበል»፣ «ጎጆ»፣ «ናፍቆት» የሚሉትን ቃላት በዚህ ምክንያት ነው በደንብ የያዘቻቸው። ጋሊኩን ራሱን መከታተል ለሚፈልግ ወላጅ ለርንጋሊክ የተባለው ድረ ገጽ ቃላቱን በተናጋሪ ድምፅ ያሰማል፤ ዱኦሊንጎም ከ2019 ጀምሮ የጋሊክ ትምህርት አለው፤ ቢቢሲ አልባ የተባለው ጣቢያ ደግሞ በሳምንቱ ከሞድ መድረክ ያስተላልፋል። መድረክ ላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ልጆቹ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ ዳኞቹ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ይጽፋሉ፤ በመጨረሻ ከዳኞቹ አንዱ ተነሥቶ ለልጆቹ የማበረታቻ ቃል ይናገራል። ልጁ ባያሸንፍ እንኳ የተጻፈለትን የአስተያየት ወረቀት ከአስተማሪው ጋር አንብቡት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ከዚያ የሚሻል መመሪያ የለም።

በ2024 ኦባን ላይ የኳየሮች ቀን በባሕሩ ዳርቻ ባለው ኮራን ሆልስ ውስጥ ቆሜ የታዘብኩትን በቅርበት ልግለጽ። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ወንዶቹ ኪልት የሚባለውን የስኮትላንድ ባህላዊ የወንዶች ቀሚስ፣ ሴቶቹ የኳየሩን ቀለም ለብሰው በድምፅ ክፍላቸው ይሰለፋሉ፤ ዝቅተኛው የወንዶች ድምፅ ቤዝ ከኋላ፣ ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ ሶፕራኖ ከፊት። ማንም ጮክ ብሎ አይዘፍንም፤ ሰው ሁሉ በከንፈሩ ግጥሙን ብቻ ይላል። መድረክ ከወጣን በኋላ ዳኞቹ ያለፈውን ኳየር ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ በጸጥታ መቆም አለ፤ ይህ ጊዜ ከዘፈኑ ይረዝማል ብል አላጋነንኩም፤ ጉልበት የሚንቀጠቀጠውም ያኔ ነው። መሪዋ የቃና ሹካዋን ጉልበቷ ላይ መትታ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና ለአራቱም ክፍል መነሻቸውን በትንሹ ታንጎራጉርላቸዋለች፤ መሣሪያ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ የምትሰጠን ምልክት የእጅ ሳይሆን የትንፋሽ ነው፤ እሷ ስትስብ እኛም እንስባለን። የመጀመሪያው ቃል በሁሉም አፍ እኩል ካልጀመረ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ውጤቱ የተነገረው ማታ ነው። የኳየሩ ስም ይጠራል፤ የጋሊክ ነጥብ ይነገራል፤ ቀጥሎ የሙዚቃ ነጥብ፤ ከዚያ ድምሩ። ከዚህ ሁሉ የምመለከተው ግን ወረቀቱን ነው። የጋሊኩ ዳኛ በእኛ ላይ የጻፈው፣ አናባቢዎቹ የጠሩ መሆናቸውን አመስግኖ፣ በስንኝ መጨረሻ ላይ ያሉት ተነባቢዎች ከመጀመሪያዎቹ ረድፎች ብቻ እንደሚሰሙ ነበር። የሙዚቃው ዳኛ ደግሞ በአንድ የግጥሙ ሐሳብ መካከል ትንፋሽ መውሰዳችንን ጠቁሟል። ሁለቱም አስተያየቶች አንድ ነገር ያሳያሉ፤ ዘፋኙ ግጥሙን እንደሚያወራ ሰው ማሰብ አለበት፤ ማንም ሰው ሲያወራ የቃሉን ጫፍ አይውጥም፣ ሐሳቡንም መሐል ላይ አይቆርጥም። ከዚያ በኋላ ልምምዳችን በዜማው ከመጀመሩ በፊት ግጥሙን በሙሉ በአንድ ላይ እንደ ንግግር እንላለን፤ ሌሎች ኳየሮችም ይህን ቢያደርጉ እመክራለሁ።

በስኮትስ ቋንቋ ለመወዳደር መንገዱ ሌላ ነው። ጥር 25 የሮበርት በርንስ ልደት ስለሆነ በዚያ ወር በርካታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስኮትስ ግጥም የመውጣትና የመዝፈን ውድድር ያደርጋሉ። ልጆቻችሁ ይህንን ወረቀት ይዘው ሲመጡ «የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» ብላችሁ እንዳታጣጥሉባቸው አደራ እላለሁ፤ ስኮትስ የራሱ ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ነው። ለአዋቂዎች ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የእርሻ ሠራተኞች በማደሪያቸው ይዘፍኗቸው የነበሩት ቦቲ ባላድስ የሚባሉ ዘፈኖች አሉ፤ በእነዚህ የላቀ ዘፋኝ የሚመረጥበት ዝነኛ ውድድር በኤልጊን ከተማ ይካሄዳል።

አዲስ ዘፈን መድረስ ለሚወዱ ደግሞ ሞድ ብቻ አይደለም ያለው። በ1971 በአየርላንድ ኪላርኒ ከተማ የተጀመረው ፓን ኬልቲክ ፌስቲቫል ከፋሲካ በኋላ በአየርላንድ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከስድስቱ የኬልቲክ ቋንቋዎች የመጡ አዲስ የተደረሱ ዘፈኖች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ነው፤ ዘፋኞቹ በየአገራቸው ማጣሪያ ያልፋሉ። ከኬልቲክ ውጭ ላሉትም ክፍት የሆነው ሊየት ኢንተርናሽናል የተባለው ውድድር በ2002 በኔዘርላንድ ፍሪስላንድ የተጀመረ ሲሆን፣ በአውሮፓ አናሳ ቋንቋዎች የተደረሱ ሮክም ይሁኑ ራፕ ሁሉንም ዓይነት ዘፈኖች ያስተናግዳል። በእነዚህ ላይ እኔ ተሳታፊ ሆኜ አላውቅም፤ ከኳየራችን ወጣቶች ግን የራሳቸውን ዘፈን የሚደርሱ ስላሉ፣ የሞድን መድረክ ጠባብ ሆኖ የሚያገኘው ሰው ወዴት መመልከት እንዳለበት እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የቀሩት የወጪና የጊዜ ጉዳዮች ናቸው። ሞድ የሚካሄድባቸው ከተሞች አንዳንዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ማደሪያ ከወራት በፊት ይያዛል፤ እንደ ኦባን ባለ ቦታ ዘግይቶ የሚፈልግ ሰው ርቆ ያድራል። ከግላስጎ ኩዊን ስትሪት ጣቢያ ወደ ኦባን ባቡሩ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በቀን የሚነሡት ባቡሮች ጥቂት ስለሆኑ ልጅ ጠዋት የሚወዳደር ከሆነ በዋዜማው መሄድ ግድ ነው። ኪልት መግዛት አያስፈልግም፤ መከራየት ይቻላል፤ ብዙ ኳየሮችም ትርፍ ልብስ አላቸው። ምዝገባው ከውድድሩ ወራት አስቀድሞ ስለሚዘጋ መርሐ ግብሩ እንደወጣ ማንበብ ይገባል፤ በየክፍሉ ምን ያህል ጋሊክ ማወቅ እንደሚጠየቅም የሚገልጸው እሱ ነው።

ብሔራዊው ሞድ ለጀማሪ ከበደኝ የሚል ሰው ከአካባቢ ሞድ ይጀምር። በየወረዳውና በየደሴቱ የሚዘጋጁ ትንንሽ ሞዶች አሉ፤ አሠራራቸው ከትልቁ ጋር አንድ ሆኖ ተወዳዳሪው ጥቂት፣ ተመልካቹም ጎረቤት ነው። ወደ ኳየር ለመግባት ደግሞ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምቱ ሞድ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት አዳዲስ ዘፈኖች የሚጀመሩበት ወቅት ነው፤ ያኔ የቆየውም አባል ግጥሙን ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ስለሚማር አዲስ ሰው ወደ ኋላ አይቀርም። በግላስጎ ብቻ በርካታ የጋሊክ ኳየሮች አሉ፤ የጎቫንን ወይም የግላስጎ አይላን ኳየር አድራሻ ፈልጋችሁ «ጋሊክ አልችልም፣ መማር እፈልጋለሁ» ብላችሁ ጻፉላቸው፤ የልምምዱን ቀንና ቦታ ይነግሯችኋል።